የወሬ ደብተር፦ ተማሪን በየቀኑ የሚያስጽፍ ደብተር አጀማመሩና አያያዙ

ድሬዳዋ ውስጥ አማርኛ የማስተምራቸው የ7ኛ ክፍል ልጆች ከኖት ደብተራቸው ሌላ አንድ ደብተር አላቸው። ስሙን ያወጡለት እነሱው ናቸው፤ «የወሬ ደብተር» ይሉታል። ስታፍ ውስጥ ተቆልሎ ያየ መምህር ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል፦ «ምን እያልክ ነው የምታስጽፋቸው?» እና «የ62 ልጅ ደብተር መቼ አርመህ ትጨርሳለህ?»። ሐረር የሚያስተምሩ ጓደኞቼም ስልክ ሲደውሉ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ከመደጋገም ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ አላርመውም። ሳይታረም እንዴት እንደሚሠራ ከታች ታገኙታላችሁ።

በመጀመሪያ ግን ከድርሰት ጋር አታምታቱት። ድርሰት አንዴ ይጻፋል፣ ውጤት ይሰጥበታል፣ ያልቃል። ይህ ደብተር እርሾ ማስቀመጫ ነው። ልጁ ያየውን፣ የሰማውን፣ የገረመውን ጥቂት ጥቂት እያለ ይጥልበታል። ከአራት ሳምንት በኋላ ከውስጡ አንዱን አንሥቶ ሙሉ ጽሑፍ ይጋግርበታል። የሚታረመውም ውጤት የሚያገኘውም የተጋገረው ነው፤ እርሾውን ማንም አያርምም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር። በሳምንት አራት ቀን ግማሽ ግማሽ ገጽ ቢጽፍ ዓመቱን ያደርሰዋል። ባለ 32 ገጹ ግን በአራት ወር ያልቃል። ሲናርላይን የሚባለውን ደብተር አታስገዙ፤ ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ ይከብዳል፣ በዚያ ላይ ውድ ደብተር የያዘ ልጅ እንዳያበላሸው ስለሚፈራ እጁ ይታሰራል። መግዛት ያልቻለ ልጅ ካለ ከአምና ደብተሮች ያልተጻፈባቸውን ሉኮች ሰብስባችሁ በመርፌና በክር ስፉለት። እኔ ጋ በየዓመቱ ሦስት አራት እንዲህ ያለ ደብተር አይጠፋም፤ ልጆቹም አያፍሩበትም።
- እስክሪብቶ፣ ቀለሙ ማንኛውም።
- ለመምህሩ እርሳስ። ቀይ እስክሪብቶ ክፍል ውስጥ ይዛችሁ አትግቡ።
- የመምህሩ የራሱ ደብተር፣ ልክ እንደ ልጆቹ ያለ።
- አምስት ጠንካራ ካርቶን፤ የፓስታ ወይም የዘይት ይበቃል። ለምን አምስት እንደሆነ ደረጃ 7 ላይ አለ።
- ሰዓት። ስልካችሁ ይበቃል፣ ድምፁ ግን ይጥፋ።

ደረጃ 1፦ ገጹን ቁጥር አስይዙ

በመጀመሪያው ቀን ምንም አይጻፍ። ልጆቹ እያንዳንዱን ገጽ ከጥግ ላይ ከ1 እስከ 100 ቁጥር ይስጡት። አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ሁለት ጥቅም አለው፦ ቁጥር ያለው ደብተር ሉክ ሲገነጠልበት ወዲያው ይታወቃል፤ ኋላም «ገጽ 14 ላይ ያለውን አንሣ» ለማለት ያመቻል። የመጀመሪያው ሉክ ለማውጫ ይቀመጥ። የመጨረሻዎቹ አራት ሉኮች ደግሞ «የቃል ጓዳ» ናቸው፤ ልጁ ጆሮው የያዘለትን ቃል፣ ተረትና ምሳሌ፣ የአያቱን አነጋገር እዚያ ያጠራቅማል።

ደረጃ 2፦ ሦስቱን ሕግ አስታውቁ

ሰሌዳ ላይ ጻፉና ከደብተሩ ሽፋን ጀርባ ይገልብጡት።

አንድ፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ እጅ አይቆምም። የሚጽፈው የጠፋበት ልጅ «የምጽፈው ጠፋኝ፣ የምጽፈው ጠፋኝ» እያለ ይጻፍ። ሦስተኛው መስመር ላይ ራሱ ይሰለቸውና ሌላ ነገር ያመጣል።

ሁለት፤ ላጲስም ቀለም ማጥፊያም የለም፣ ሉክም አይቀደድም። የተሳሳተው ላይ አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል። ልጁ አበላሸሁት ብሎ የሰረዘው ዓረፍተ ነገር ከአራት ሳምንት በኋላ ምርጡ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከተፋቀ ግን የለም።

ሦስት፤ የታጠፈ ገጽ አይነበብም። ልጁ ገጹን ለሁለት ካጠፈው የራሱ ነው፣ እኔም አልገልጠውም። ይህን ሕግ አንዴ ከጣሳችሁት ደብተሩ ሞተ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የምታገኙት ለመምህር የተጻፈ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ባልታጠፈ ገጽ ላይ አንድ ልጅ እየተደበደበ፣ እየተደፈረ፣ ያለ ዕድሜው ሊዳር ወይም ራሱን ሊጎዳ እንደሆነ ካነበባችሁ ዝም አይባልም። ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ለክፍሉ በግልጽ ንገሩ፦ «እንዲህ ያለ ነገር ካነበብኩ ሊረዳችሁ ለሚችል ሰው እናገራለሁ።» ልጁ ይህን አውቆ ይጻፍ። ስታነቡም ራሳችሁ መርማሪ አትሁኑ፣ ቤተሰብም ዘንድ ሮጣችሁ አትሂዱ። የምክር አገልግሎት ባለሙያ ካለ ለእሱ፣ ከሌለ ለርዕሰ መምህሩ በዚያው ቀን አሳውቁ።

ደረጃ 3፦ እናንተ ቀድማችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉ

አብዛኛው መምህር የሚዘልለው ይህንን ነው፤ ደብተሩ በሁለተኛው ሳምንት የሚከስመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልጆቹ ትልቅ ሰው ሲጽፍ አይተው አያውቁም። ያዩት ከመጽሐፍ ወደ ሰሌዳ ሲገለበጥ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ከመምህር እጅ ቀጥ ብሎ፣ ሳይሰረዝ የሚወጣ ይመስላቸዋል።

እኔ መጀመሪያ የማሳያቸውን ልንገራችሁ። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦

«ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። በጣም ሞቀን። ከዚያ ወጥተን ደጅ ተኛን።»

ዞር ብዬ «ይህን ማን አይቶታል?» እላቸዋለሁ። ሁሉም እጁን ያወጣል፤ ድሬ ውስጥ በግንቦት ደጅ ያልተኛ የት ይገኛል! «እንግዲህ ሁላችሁም ካያችሁት የኔ የሆነው የቱ ጋ ነው?» ብዬ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እሰርዝና እያሰብኩ፣ እየቆምኩ እቀጥላለሁ፦

«የቀሰቀሰኝ ሙቀቱ አይደለም። ቬንትሌተሩ ሲቆም ነው የነቃሁት። ለካ የሚያስተኛኝ ድምፁ ነበር።»

ልጆቹ የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፦ መምህሩ ይሰርዛል፣ መምህሩ ይቸገራል፣ ደግሞም ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል። ይህን ለማስረዳት ሌላ ገለጻ አያስፈልግም። እነሱ ሲጽፉም እናንተ ተቀምጣችሁ ጻፉ፤ በወንበሮች መካከል አትንጎራደዱ። ከጀርባው መምህር የቆመበት ልጅ እጁ ይደርቃል።

ደረጃ 4፦ መነሻ ስጡ

መነሻው ጠባብ ይሁን። ሰፊ መነሻ ልጁን ወደሚያውቀው ባዶ ቃል ይገፋዋል። አንድ ጊዜ «ስለ ከተማችን ውበት ጻፉ» ብዬ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ድሬዳዋ የፍቅር ከተማ ናት» ብለው ጀመሩ። ውሸት አይደለም፤ ግን አንዳቸውም ምንም አላዩም። በማግሥቱ ጥያቄውን ለወጥኩት፦ «ሰፈራችሁ ውስጥ ማን ለማን ምን ሲያደርግ አያችሁ?» ከተጻፉት አንዱ ይህ ነበር፦

«ጎረቤታችን የሞተ ጊዜ እናቴ ሦስት ቀን ምግብ አልሠራችም። ድስታችን ሁሉ እነሱ ቤት ነበር።»

የፍቅር ከተማ የሚለው ቃል የለበትም።

የሠሩልኝ መነሻዎች እነዚህ ናቸው፦

- ሰውነትህ ላይ ካሉት ጠባሳዎች አንዱ እንዴት መጣ? (ይህ ከሽፎ አያውቅም፤ ለመጀመሪያው ሳምንት አስቀምጡት።)
- ቤታችሁ ውስጥ ማንም እንዲነካው የማይፈቀድ ዕቃ የቱ ነው? ማን ነው የከለከለው?
- ዛሬ ወደ ትምህርት ቤት ስትመጪ የሰማሻቸው አምስት ንግግሮች፣ ሰዎቹ እንዳሉት ቃል በቃል።
- የባጃጅ ሹፌርና ተሳፋሪ በሒሳብ ሲከራከሩ። ንግግር ብቻ፣ ትረካ የለም።
- ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ከበላህ በኋላ እጅህ እስኪታጠብ ድረስ ያለው ጊዜ።
- ቀፊራ ገበያ ውስጥ ዓይንህን ጨፍነህ የት እንደደረስክ የምታውቅበት ሽታ።

ዝርዝርም መነሻ ይሆናል። «የጠፉብኝ ነገሮች» ብለው አሥር ይደርድሩ፤ በማግሥቱ ከአሥሩ አንዱን መርጠው ይጻፉበት። ይህ በተለይ ረጅም መጻፍ ለሚፈሩት ልጆች ጥሩ መግቢያ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሐዘን የሚቀሰቅስ መነሻ ለክፍሉ ሁሉ አታዝዙ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋውን ዘርግቶ ሲታይ ጥሩ መነሻ ይመስላል፤ ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ዘመድ ያጣ ቤተሰብ ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። «ስለ እናትህ ጻፍ» የሚለውም እናት ለሌለው ልጅ እንደዚያው ነው። ሁልጊዜ ሁለት መነሻ ስጡና ይምረጡ።

ደረጃ 5፦ ሰዓት ያዙ

በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ደቂቃ ብቻ። በሁለተኛው አምስት፣ ከዚያ ሰባት፤ በወሩ መጨረሻ አሥር ይድረስ። ሦስት ደቂቃ ላይ «ጊዜው አልቋል» ስትሉ «ቲቸር ቆይ አልጨረስኩም!» የሚለው ጩኸት ይመጣል፤ ያንን ነው የምትፈልጉት። ከ15 ደቂቃ የጀመረ ክፍል ግን በአምስተኛው ደቂቃ መንሾካሾክ ይጀምራል።

ጽሑፉ የክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ ይሁን። መጨረሻ ላይ ከተደረገ ሌላው ትምህርት ይበላዋል። የከሰዓት ፈረቃ የምታስተምሩ ደግሞ ይህን በተለይ ልብ በሉ፤ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ በዚያ ሙቀት እስክሪብቶ የሚያነሣ ክንድ የለም። ላብ ገጹን ስለሚያርስም ከክንዳቸው ሥር ቁራጭ ወረቀት ያድርጉ።

በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ የሚከለከል አንድ ጥያቄ አለ፦ «ቲቸር፣ በየትኛው ሀ ነው?» በሀሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ፣ ወይስ በብዙኃኑ ኀ? በእሳቱ ሰ ወይስ በንጉሡ ሠ? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ሰዓቱ ግን አይደለም። አንድ ልጅ ሲጠይቅ ሁሉም ብዕራቸውን ያቆማሉ፤ የጠየቀውም ልጅ መልሱን ሲያገኝ ሐሳቡ አምልጦታል። «በመጣልህ ጻፈው፣ ከሥሩ ነጥብ አድርግበት፣ ኋላ እናየዋለን» በሏቸው።

የቋንቋውም እንደዚያው ነው። ክፍሌ ውስጥ ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ የሚነገር ልጆች አሉ። የአማርኛው ቃል ካልመጣላቸው የመጣላቸውን ቃል ጽፈው ያስምሩበትና ይቀጥሉ። ንግግር ሲጽፉ ግን የተባለው እንደተባለ ይቀመጥ፤ «ወሪያ!» ብሎ የተጣራን ሰው «አንተ ሆይ» አታስብሉት።

ደረጃ 6፦ ለአንድ ሰው ይነበብ

ሰዓቱ ሲያልቅ ሁለት ደቂቃ ስጡ፣ ከአጠገባቸው ላለ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያንብቡ፤ ያልፈለገ ይለፍ። የሰማው ልጅ «ጥሩ ነው» እንዳይል ከልክሉ። የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ጆሮው ላይ የቀረውን ቃል መልሶ ይናገር። አንባቢው ከጻፈው ውስጥ የትኛው ሰው ዘንድ እንደደረሰ የሚያውቀው በዚያ ነው።

ለክፍሉ ሁሉ የምታነቡት ከሆነ ልጁን በሹክሹክታ አስፈቅዱ። ይህን በራሴ ስሕተት ነው የተማርኩት። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ልጅ ስለ አያቷ ሰው ሠራሽ ጥርስ የጻፈችውን በጣም ወደድኩትና ሳልጠይቃት ጮክ ብዬ አነበብኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለአምስት ሳምንት ያህል ደብተሯ ላይ የነበረው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ «ዛሬም ሞቃት ነው።» «ዛሬም በጣም ሞቃት ነው።»

ደረጃ 7፦ በእርሳስ መልስ ጻፉ

አምስቱ ካርቶኖች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ክፍሉን ለአምስት ክፈሉትና እያንዳንዱን ካርቶን በአንድ ቀን ሰይሙት። የ1 ለ 5 ቡድኖች ካሏችሁ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል። 62 ልጅ ለአምስት ሲካፈል በቀን 12 ወይም 13 ደብተር ነው። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ብትሰጡ 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በዕረፍትና በአንድ ባዶ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ሁሉንም ዓርብ ልያቸው ያለ ሰው ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀመጣል፣ በሦስተኛው ሳምንትም ይተወዋል።

ሁሉንም ገጽ አታንቡ። ልጁ ካልታጠፉት ውስጥ አንዱን መርጦ ጫፉ ላይ ምልክት ያድርግላችሁ፤ እሱን ብቻ አንብቡና ኅዳጉ ላይ አንድ መስመር ጻፉ። «ጎበዝ» አትበሉ። ጎበዝ ለልጁ ደስታ እንጂ ሥራ አይሰጠውም። ጥያቄ ጻፉ፦ «በሩን ማን ከፈተው?» «ያኔ ወንድምህ ምን አለ?» በሚቀጥለው ሳምንት ለጥያቄው መልስ ከሥሩ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ፊደል፣ ሰዋስው፣ የእጅ ጽሕፈት እዚህ አይነካም። በእርሳስ የሚጻፈውም ልጁ ካልፈለገው እንዲያጠፋው ነው፤ ላጲስ የሚፈቀደው ለእናንተ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ በየአራት ሳምንቱ አንዱን አንሡ

አራት ክፍለ ጊዜ መድቡ።

በመጀመሪያው ልጆቹ ደብተራቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነቡና ሦስት ቦታ ላይ ኮከብ ያደርጋሉ፤ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣሉ። በሁለተኛው ጥንዳቸው ጽሑፉን ሰምቶ አምስት ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጸሐፊው መልሶቹን ይመዘግባል። በሦስተኛው ሌላ ወረቀት ላይ ሙሉውን ይጽፉታል።

አራተኛው የእርማት ነው፤ አራት ሳምንት ሙሉ የታገድነው ሁሉ እዚህ ይፈታል። ግን ሁሉንም ስሕተት በአንዴ አታሳድዱ፤ በአንድ ዙር ሁለት ነገር ብቻ ምረጡ። እኔ በመጀመሪያው ዙር አራት ነጥብን እይዛለሁ፤ ልጆቻችን «እና»ን፣ «ከዚያም»ን እየቀጠሉ ገጽ ሙሉ ሳይተነፍሱ ይጽፋሉና። ዘዴው ቀላል ነው፦ ማሰሪያ አንቀጹን ይፈልጉ። «መጣ»፣ «አልሰማችም»፣ «ነበር» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቆመው «ሐሳቡ ታስሯል?» ብለው ይጠይቁ፤ ከታሰረ አራት ነጥብ፣ «መጥቶ» ወይም «ሲመጣ» ከሆነ ገና ነው። በሁለተኛው ዙር ነጥብ የተደረገባቸውን ሞክሼ ፊደላት ከመዝገበ ቃላት ወይም ከመማሪያ መጽሐፉ ያመሳክራሉ። በዚህ ቀን «በየትኛው ሀ ነው?» ያለ ልጅ ተመስግኖ ይመለስለታል።

ደረጃ 9፦ ውጤት

እኔ ከተከታታይ ምዘናው 10 ነጥብ እመድባለሁ። 4ቱ ለደብተሩ ነው፣ የሚቆጠረውም የተጻፈ ገጽ ብዛት ብቻ ነው፤ የታጠፈውም ይቆጠራል። 6ቱ ለተጋገረው ጽሑፍ ነው። ለደብተሩ ይዘት ነጥብ ከሰጣችሁ ልጁ ነጥብ የሚያመጣውን መጻፍ ይጀምራል፣ ወደ «ድሬዳዋ የፍቅር ከተማ ናት» ተመለስን ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

ደብተሩን ቅጣት ማድረግ። «የረበሸ ሁለት ገጽ ይጻፍ» ካላችሁ በአንድ ቀን የወሩ ሥራ ይፈርሳል።

ወደ ቤት መላክ። ብዙዎቹ ልጆች ከእኅት ወንድሞቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ነው የሚያድሩት፤ ደብተሩ በማንም እጅ ይገባል። አንዲት እናት ደብተሩን አንብበው «የቤቴን ገመና ለምን ታስወጣለህ?» ብለው መጥተውብኛል። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ከትምህርት ቤት አይወጣም፣ በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባም ምን እንደሆነ፣ የታጠፈ ገጽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ቀድሜ እናገራለሁ። ልጁ ሰፈር ውስጥ የሰማውን መያዝ ከፈለገ ቁራጭ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይክተትና ክፍል ሲመጣ ይገልብጠው።

ሦስት ጎበዝ ልጆች ብቻ ሁሌ እንዲያነቡ ማድረግ። ሌሎቹ 59 ተመልካች ይሆናሉ።

ለፈተና ሰሞን ማቋረጥ። ሁለት ሳምንት ከተቋረጠ እንደገና ከሦስት ደቂቃ መጀመር ግድ ነው። በፈተና ሰሞንም ሦስት ደቂቃ ይገኛል።

ካርቶኑን መሬት ላይ ማስቀመጥ። ምስጥ ከሥር ገብቶ ሁለት ደብተር በልቶብኛል፣ አንዱ የራሴ ነበር። በድንጋይ ወይም በጣውላ ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳም ትንሽ አርቁት፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ካገኛችሁማ እሰየው። በሰኔ መጨረሻ ደብተሩን ለየባለቤቱ በእጁ መልሱ፤ በሌላ ልጅ አትላኩ፣ ቀሪ ሆኖ ያልወሰደውንም ለመስከረም አስቀምጡለት።